ብር ተወደደ፤ ጠገራውን ግን በሚዛን ብቻ አትስጡት

ሁለት ሳንቲሞችን እናወዳድር። አንዱ ማርትሬዛ ነው፤ በየቤቱ ጠገራ ብር የሚባለው። ሌላው አፄ ምኒልክ ፓሪስ ያሠሩት፣ 1887 ዓ.ም. የሚል ቀን ያለበት አንድ ብር ነው። ሁለቱም 28 ግራም ገደማ ይመዝናሉ። የማርትሬዛው 83.3 በመቶ፣ የምኒልኩ 83.5 በመቶ ንጹሕ ብር ነው። አንጥረኛ ቢያቀልጣቸው ከሁለቱም የሚያገኘው እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ 23 ግራም ተኩል ገደማ። ሰብሳቢ ጋ ሲሄዱ ግን ፊቱ ያልተበላ የምኒልክ ብር ከተራ ማርትሬዛ ብዙ እጥፍ ያወጣል። ልዩነቱን የሚፈጥረው የሰብሳቢዎች ምርጫ ነው። ያ ምርጫ ደግሞ ባለፉት ጥቂት አሥርት ዓመታት በጣም ተቀይሯል፤ አሁን የብር (የማዕድኑ) ዋጋ ሲሰቀል ለውጡ ጎልቶ ወጣ።

ይህን የምጽፈው አያት ያስቀመጡት፣ እናት ለክፉ ቀን ብላ ጨርቅ ውስጥ የቋጠረችው ጠገራ ያላቸው ብዙ ቤተሰቦች ስላሉ ነው። አገር ቤትም አሉ፣ ውጭም አሉ። «ብር ተወዷል አሉ፣ ልሽጠው?» የሚለው ጥያቄ ሰሞኑን በዝቷል። መልሱ የሚገኘው ገዢዎቹ ዛሬ ምን እንደሚፈልጉ ስናውቅ ነው። (ከዚህ በታች ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ዋጋውን እንይ። የዓለም ገበያ ብርን የሚተምነው በአውንስ ነው፤ አንድ አውንስ 31.1 ግራም ነው። በጥር 1980 የአሜሪካዎቹ ሃንት ወንድማማቾች ብር እየገዙ ሲያከማቹ ዋጋው 50 ዶላር አካባቢ ደረሰ። በመጋቢት ወር ግን ከ11 ዶላር በታች ወርዶ ተፈጠፈጠ። ከዚያ በኋላ ብር ረጅም እንቅልፍ ተኛ፤ በ2001 አንድ አውንስ በ4 እና በ5 ዶላር መሀል ነበር። በ2011 እንደገና ወደ 49 ተጠግቶ ወረደ። በመጋቢት 2020፣ ኮሮና ገበያውን ሲያንቀጠቅጥ፣ 12 ዶላር ገባ። በጥቅምት 2025 ደግሞ 50ን ሰበረና አለፈ፤ በዓመቱ መጨረሻ 70ን ተሻገረ። አርባ አምስት ዓመት ሙሉ ጣሪያ ሆኖ የቆየ ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ ወለል ሆነ።

ምክንያቱ አንድ አይደለም። ከዓለም የብር ፍላጎት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ዛሬ ለኢንዱስትሪ ነው፤ የፀሐይ ኃይል ፓነል፣ የኤሌክትሪክ መኪና፣ ኤሌክትሮኒክስ። ከ2021 ጀምሮ በየዓመቱ ፍላጎቱ ከአቅርቦቱ በልጧል። ማዕድን አውጪዎች ደግሞ ዋጋ ስለጨመረ ብቻ ቶሎ ምርት መጨመር አይችሉም፤ አብዛኛው ብር የሚወጣው እርሳስ፣ ዚንክ፣ መዳብና ወርቅ ሲቆፈር አብሮ ነው። መዳብ የሚያወጣ ድርጅት ብር ተወደደ ብሎ ሁለት እጥፍ መዳብ አያወጣም። በዚህ ላይ የወርቅ ዋጋ ሲሰቀል «ወርቁ ካልተቻለ ብሩን ልያዝ» የሚል ሰው በየአገሩ ይበዛል።

ወደ ሰብሳቢዎቹ እንምጣ። ድሮ የብር ሳንቲም የሚሰበስብ ሰው የሚያሳድደው ዓመተ ምህረትና የተሠራበትን ቦታ ነበር። አሜሪካዊ ከሆነ ከ1878 እስከ 1904፣ ከዚያም በ1921 የተመቱትን ሞርጋን ዶላር የሚባሉ የብር ሳንቲሞች በየዓመቱና በየከተማው ለማሟላት ዕድሜውን ይጨርሳል። የቀረችው አንዷ ከሆነች ለእሷ የመኪና ዋጋ ይከፍላል። ያኔ የብሩ ክብደት ማንንም አያሳስብም ነበር። እስከ 1964 ድረስ የአሜሪካ አሥር ሳንቲምና ሃምሳ ሳንቲም 90 በመቶ ብር ነበሩ፤ ሰዉ ዳቦ ይገዛባቸው ነበር። በ1965 ሕጉ ተቀይሮ ብሩ ከሳንቲም መውጣት ሲጀምር ነው ሁለት ዓይነት ሰው የተፈጠረው፤ ታሪኩን የሚፈልግና ብረቱን የሚፈልግ።

ብረቱን የሚፈልገው ለብዙ ጊዜ ትንሽ ነበር። ሚዛኑን ያዛቡት መንግሥታት ራሳቸው ናቸው። ሜክሲኮ በ1982 ሊበርታድን፣ አሜሪካ በ1986 ሲልቨር ኢግልን፣ ካናዳ በ1988 ሜፕል ሊፍን አወጡ። ኦስትሪያ በ2008 ፊልሃርሞኒክን ጨመረች። የእነዚህ ሳንቲሞች ቋንቋ ግልጽ ነው፤ አንድ አውንስ፣ 99.9 በመቶና ከዚያ በላይ ንጹሕ፣ መንግሥት ዋስ። ገዢው ስለ ታሪክ ማወቅ አይጠበቅበትም። የዕለቱን ዋጋ ስልኩ ላይ አይቶ፣ ሻጩ የሚጨምረውን ፕሪሚየም ደምሮ ይገዛል። ሲሸጥም እንዲሁ። በ2015 የአሜሪካ መንግሥት በአንድ ዓመት ውስጥ 47 ሚሊዮን ሲልቨር ኢግል ሸጧል። ይህን ያህል ሳንቲም የገዙት ሰዎች በድሮው ትርጉም ሰብሳቢ አይደሉም፤ ቆጣቢዎች ናቸው።

ግብሩም ምርጫውን ወደዚያው ገፍቶታል። አሜሪካ ውስጥ በጡረታ ሂሳብ ብር መያዝ የሚፈልግ ሰው 99.9 በመቶ ንጹሕ የሆነ መግዛት አለበት። ስለዚህ አሮጌው 90 በመቶ፣ የእኛው 83 በመቶ ከዚህ ትልቅ ኪስ ውጭ ቀሩ። በዱባይም እንደዚሁ ነው፤ 99 በመቶና ከዚያ በላይ ንጹሕ የሆነ ብር ለኢንቨስትመንት ሲገዛ የተጨማሪ እሴት ታክሱ ዜሮ ነው፣ ጠገራ ግን በንጽህናው እዚያ መስመር ውስጥ አይገባም። እንግሊዝ ውስጥ ወርቅ ለኢንቨስትመንት ሲገዛ ከታክሱ ነጻ ሲሆን ብር ላይ ግን 20 በመቶ ይጫናል። ስለዚህ እዚያ ያለ ወገን አዲስ የብር ሳንቲም ሲገዛ ገና ከመነሻው 20 በመቶ ከስሮ ነው የሚጀምረው። ሰዎች ይህን ሳያሰሉ «ወርቅ ስለተወደደ ብር ገዛሁ» ይላሉ።

ሌላው ትልቅ ለውጥ የፕላስቲክ ሳጥኑ ነው። በ1986 እና በ1987 ፒሲጂኤስ እና ኤንጂሲ የሚባሉ ሁለት የአሜሪካ ድርጅቶች ሳንቲም መርምረው፣ ከ1 እስከ 70 ነጥብ ሰጥተው፣ ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ አሽገው መመለስ ጀመሩ። ለአሮጌ ሳንቲም ይህ ትልቅ በረከት ነበር። ሐሰተኛውን ይለያል፣ የታጠበውን ይናገራል፣ በኢንተርኔት ሳይነኩ መግዛት ይቻላል። ችግሩ የመጣው አሠራሩ ወደ አዲሶቹ ሲዞር ነው። ዘንድሮ ከፋብሪካ የወጣ፣ በሚሊዮን የተመታ ሳንቲም 70 ነጥብ ስላገኘ ብቻ በእጥፍ ዋጋ ይሸጣል። እኔ ይህን አልመክርም። ከማሽን ትናንት የወጣ ሳንቲም ጥሩ ነጥብ ማግኘቱ ብርቅ አይደለም፤ ነገም ሌላ ይመጣል። ብርቅ የሚሆነው መቶ ዓመት በሰው እጅ ተዟዙሮ ፊቱ ያልጠፋ ሲገኝ ነው። ከዘመናዊዎቹም እውነተኛ ብርቅ የሆነ አለ፤ በ1995 ከወርቅ ሳንቲሞች ስብስብ ጋር ብቻ የተሰጠው፣ 30,125 ፍሬ ብቻ የተመታው ሲልቨር ኢግል እስከ ዛሬ ይፈለጋል። ግን እንዲህ ያለው በጣት የሚቆጠር ነው።

በ2021 ደግሞ ሌላ ትውልድ ገባ። በማኅበራዊ ሚዲያ ተጠራርተው ብር እንግዛ የሚሉ ወጣቶች በየካቲት 2021 መጀመሪያ ዋጋውን ወደ 30 ዶላር ገፉት። ሱቆች ባዶ ሆኑ፤ የሲልቨር ኢግል ፕሪሚየም ተሰቀለ። ያኔ አሮጌ ሳንቲምም አብሮ ተወደደ፤ በብር ረሃብ ጊዜ ሁሉም ብር ነው። በ2025 የብሩ ዋጋ ራሱ ሲሰቀል የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ሰዉ ለመሸጥ ተሰለፈ። ማቅለጫ ቤቶች በሥራ ተጨናነቁ። ተራ ሞርጋን ዶላር፣ የድሮ አሥር ሳንቲም፣ ታሪክ ነበረው ሲባል የኖረ ሁሉ በሚዛን ዋጋ፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ይሸጥ ጀመር። ነጋዴው የሚከፍለው ከብሩ ዋጋ ማቅለጫውንና የጥበቃውን ጊዜ ቀንሶ ነውና።

አሮጌ ሳንቲም ለያዘ ሰው አደገኛው ሰዓት ይህ ነው። ብር ሲወደድ በታሪክ ዋጋውና በብረት ዋጋው መሀል ያለው ክፍተት ይጠባል፤ ሁሉም አንድ ይመስላል። «ያው 40 ዶላር ነው» ተብሎ ይቀልጣል። በ1980ም የሆነው ይኸው ነበር፤ በሚሊዮን የሚቆጠር የብር ሳንቲም እሳት በላው። ከዚያም በፊት አሜሪካ በ1918 ፒትማን በሚባለው ሕግ ከ270 ሚሊዮን በላይ የብር ዶላር አቅልጣለች። አንዳንድ የሞርጋን ዓመታት ዛሬ ብርቅ የሆኑት በአጋጣሚ ከእሳቱ የተረፉት ጥቂት ስለሆኑ ነው፤ የትኞቹ እንደቀለጡም የመዘገበ አልነበረም። 

ብርቅነትም ቢሆን ዋስትና አይደለም፤ ይህንን ሳልጠቅስ ባልፍ ለሰብሳቢዎች ማድላት ይሆንብኛል። ኒው ኦርሊንስ ላይ በ1903 የተመታው ሞርጋን ዶላር ከሁሉም ብርቅ ከሚባሉት ነበር፤ በ1962 በካታሎግ 1,500 ዶላር ይገመት ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ የአሜሪካ ግምጃ ቤት ካዝና ሲከፈት የዚህ ሳንቲም ከረጢቶች ተገኙ። ዋጋው በአጭር ጊዜ ውስጥ ክፉኛ ወደቀ። ስለዚህ «ብርቅ ነው» የሚል ሻጭ ሲያጋጥማችሁ ስንት ተመታ ብቻ ሳይሆን ስንቱ ተረፈ፣ የት ነው ያለው ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ጠገራው። ማርያ ቴሬዛ የኦስትሪያ ንግሥት የነበረች ሴት ናት፤ በ1780 ሞተች። ሳንቲሟ ግን ከሞተች በኋላም 1780 የሚለው ቀን ሳይነካ መመታቱን ቀጠለ፤ እስከ ዛሬ። ምክንያቱ ገበያው ነው። የየመን፣ የሐበሻ፣ የሱዳንና የአረብ ነጋዴ ያንን መልክ ለመደው፤ ቀኑ ቢቀየር እንኳ አይቀበልም። ተቀባዩ የንግሥቲቱን ፊት፣ ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥና የጌጡን ዘጠኝ ዕንቁዎች ይመረምር ነበር። ጣሊያን በ1918 ማርትሬዛን የሚመስል የራሷን ታለሮ ለኤርትራ አሠርታ ሕዝቡ አልቀበልም ብሏታል። የሚገርመው ዛሬ ሰብሳቢ ያ የተጠላውን ታለሮ ከተራው ማርትሬዛ አስበልጦ ይገዛል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለብዙ ባለቤቶች ቅር ያሰኛል፣ ግን መታወቅ አለበት። ሳንቲማችሁ ላይ 1780 ተጽፏል ማለት ዕድሜው ሁለት መቶ አርባ ዓመት ነው ማለት አይደለም። ዛሬም ቪየና ውስጥ ይመታል። ባለፉት ዘመናት በድምሩ ከ300 ሚሊዮን በላይ ተመትቷል። መስታወት የሚመስል፣ ጭረት የሌለው ማርትሬዛ ካላችሁ አዲስ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። አዲሱም እውነተኛ ብር ነው፤ ክብደቱም ንጽህናውም ያው ነው። የሚያወጣው ግን የብሩን ዋጋና ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ነው። ሂሳቡ ይህ ነው፤ ውስጡ 23.39 ግራም ንጹሕ ብር አለ፣ ይህም 0.752 አውንስ ነው። አውንሱ 50 ዶላር ሲሆን ጠገራው በብረትነቱ 37 ዶላር ከ60 ሳንቲም ነው፤ 70 ሲሆን 52 ዶላር ከ60 ገደማ። ይህችን ቁጥር፣ 0.752ን፣ ጻፏት። የዕለቱን የአውንስ ዋጋ በእሷ ማባዛት ነው፤ ከዚያ በታች የሚሰጣችሁ ሰው ትርፉን ከእናንተ እየወሰደ ነው።

ከዚህ ወለል በላይ ያለው ነው ሰብሳቢዎች ጋ እየተለወጠ ያለው። ድሮ ካታሎግ ላይ ከንግሥቲቱ ሞት በኋላ የተመቱት ሁሉ በአንድ ከረጢት ተጠቅልለው «ዳግም ምት» ይባሉ ነበር፣ ዋጋቸውም የብሩ ብቻ ነበር። አሁን ግን የትኛው የት ተመታ የሚለው ጥናት ሆኗል። ሙሶሊኒ በ1935 ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ ከኦስትሪያ ማተሚያ ቅርጹን ተቀብሎ ሮም ላይ መምታት ጀመረ፤ ያለ ጠገራ እዚህ ገበያ መግባት እንደማይቻል ያውቅ ነበር። እንግሊዞች በ1936 ለንደን ላይ ቀጠሉ። ፓሪስና ብራሰልስ ተከተሉ። በጦርነቱ ጊዜ፣ በ1940 እና በ1941፣ ቦምቤይ ላይ ተመታ፤ ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ በርሚንግሃም። ኦስትሪያ ብቸኛ ባለቤትነቷን መልሳ የያዘችው በ1961 ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት የሚመስሉት ሳንቲሞች ውስጥ የወረራው ገንዘብ አለ፣ በ1941 ከእንግሊዞች ጋር ጎጃም የገባውና ለአርበኛው የተከፈለው አለ። ለእኔ ይህ ከማንኛውም 70 ነጥብ ካገኘ አዲስ ሳንቲም ይበልጣል።

እንዴት ይለያል? በአጉሊ መነጽር ነው። የንስሩ ጅራት ላባዎች አደራደር፣ የጌጡ ቅርጽ፣ ጠርዙ ላይ ያሉት ትንንሽ ጌጦች ከቦታ ቦታ ይለያያሉ። የቆየ፣ በሞተችበት ዘመን አካባቢ የተመታ ከሆነ ደግሞ የመቺዎቹ ፊደላት ይመሰክራሉ። ከንግሥቲቱ ምስል ሥር ኤስ እና ኤፍ የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት አሉ፤ ጉንዝቡርግ የምትባለው የጀርመን ከተማ መምቻ ኃላፊዎች ስም መጀመሪያ ናቸው። ያ መምቻ በ1805 ተዘጋ፣ ፊደላቱ ግን በኋላ በተመቱት ሁሉ ላይ ቀሩ። ስለዚህ ኤስና ኤፍ ማየት ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ሌላ ፊደል ካያችሁ ግን፣ ለምሳሌ አይ፣ ሲ፣ ኤፍ፣ ኤ የሚል ከሆነ፣ ቆም በሉ፤ የቪየና የቀድሞ ምት ሊሆን ይችላልና ለባለሙያ ሳታሳዩ አትሽጡት።

የምኒልክ ብር ላይ ምርጫው የተረጋጋ ነው፤ ይፈለጋል፣ ወደፊትም ይፈለጋል ብዬ አምናለሁ። የራሱ ፊደል አለው፣ የራሱ ንጉሥ አለው፣ አንበሳ አለው። በጊዜው ማርትሬዛን ከገበያ ማስወጣት አልቻለም፤ ገበሬው የለመደውን ነው የሚቀበለው። ሰብሳቢዎች የሚያዩት ቀኑን ብቻ አይደለም። የአንበሳው የተነሳው እግር በመጀመሪያዎቹና በኋለኞቹ ምቶች አንድ አይደለም፤ የዘውዱና የጸጉሩ ጥራትም ይታያል። ብዙዎቹ በሰው እጅ የተበሉ ስለሆኑ የአንበሳው ጋማ ጥርት ብሎ የሚታይበት ቁራጭ ከተበላው ጋር የዋጋው ርቀት ሰፊ ነው።

የ1936 ዓ.ም. ሃምሳ ሳንቲሞችም አሉ፤ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ምስል ያለባቸው። የመጀመሪያዎቹ 80 በመቶ ብር ናቸው፣ 7 ግራም ገደማ ይመዝናሉ፣ አሜሪካ ፊላደልፊያ ላይ ነው የተመቱት። እዚህ ላይ አንድ የማይረሳ ነገር አለ። በዚያው ጊዜ የወጣው ሃያ አምስት ሳንቲም መዳብ ሆኖ መጠኑ ከሃምሳው ጋር ስለሚቀራረብ፣ ሰው ብር እየቀባ ሃምሳ ነው ብሎ ያሳልፈው ነበር። ስለዚህ ጠርዙ ሞገድ ሞገድ ተደርጎ እንደገና ወጣ። ያ ክቡ፣ ጠርዙ ያልተቆረጠው ሃያ አምስት ሳንቲም ውስጡ ብር የሚባል ነገር የለም፤ ሰብሳቢ ግን ከብዙ የብር ሳንቲም አስበልጦ ይፈልገዋል። በሚዛን ብቻ የሚያስብ ሰው ይህን ይጥለዋል። በደርግ ጊዜ የወጡ የመታሰቢያ ብሮችም አሉ፤ የደጋ አጋዘን ያለበት 25 ብር፣ የዓለም የሕፃናት ዓመት 20 ብር። ለገበያ ሳይሆን ለውጭ ሰብሳቢ ተብለው የተሠሩ ስለሆኑ አገር ቤት ብዙ ሰው አያውቃቸውም።

ስለ ጆሮው ላንሳ። ብዙ ጠገራ አንገት ላይ እንዲንጠለጠል ቀለበት ተበይዶለታል። ለሳንቲም ሰብሳቢ ይህ ጉዳት ነው፣ ዋጋው ይወርዳል። ለጌጥ ሰብሳቢ ግን የሚፈለገው ራሱ ያ ነው። ከድሮ ዶቃ፣ ከብር ጥልፍና ከመስቀል ጋር የተሰካ የሐረር፣ የወሎ ወይም የትግራይ የአንገት ጌጥ ሙሉ ሆኖ ሲገኝ ከውስጡ ካሉት ጠገራዎች ድምር በላይ ያወጣል። ባለፉት ዓመታት የዚህ ዓይነት ጌጥ ፍላጎት አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ጨምሯል። ስለዚህ ቀለበቱን አስነቅላችሁ፣ ቦታውን አስሞርዳችሁ «ንጹሕ ሳንቲም» ለማድረግ አትሞክሩ። ሁለቱንም ገዢ ታጣላችሁ። ድሮ አንጥረኛው ጠገራ እያቀለጠ ነበር መስቀሉንና አምባሩን የሚሠራው፤ ወቄት የሚባለው የወርቅ ሚዛንም በጠገራ ክብደት ነበር የሚለካው። ያ ሥራ የራሱ ክብር አለው። ዛሬ ግን ጥሬ ብር በሌላ መንገድ ይገኛል፤ የተሠራን አሮጌ ጌጥ ለብረቱ ብሎ ማቅለጥ ያንገበግበኛል።

ማጠብም እንዲሁ። በአመድና በሎሚ፣ በጥርስ ሳሙና፣ በሶዳ የታሸ ጠገራ ያብረቀርቃል፤ ሰብሳቢ ሲያየው ግን ወዲያው ያውቃል፣ ፊቱ በጥቃቅን ጭረት ተሞልቷልና። በዓመታት የመጣው ጥቁርና ሰማያዊ ጥላ እድፍ አይደለም። ብሩ ከአየሩ ጋር ኖሮ ያመጣው ቀለም ነው፤ ዛሬ ሰብሳቢ ተጨማሪ የሚከፍለው ለእሱ ነው። ብሩን ደረቅ ቦታ፣ ወረቀት ውስጥ አስቀምጡት። ለስላሳ የፕላስቲክ ከረጢት አረንጓዴ ዝቃጭ ስለሚፈጥርበት ይቅር።

ሐሰተኛ በዝቷል። ቸርችል ጎዳና ካሉት የቅርስ ሱቆች ጀምሮ እስከ ሙስካት ገበያ ድረስ በሻጋታ የፈሰሰ ሐሰተኛ ማርትሬዛ አለ፤ የምኒልክ ብርማ ይብሳል። ቤት ውስጥ የሚሠራ አንድ ፈተና ልንገራችሁ። የግራም አሥረኛ የሚያነብ የወጥ ቤት ወይም የጌጥ ሚዛን ላይ ውሃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጡና ወደ ዜሮ መልሱት። ጠገራውን በቀጭን ክር አንጠልጥላችሁ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ ክተቱት፤ ወለሉንም ጎኑንም አይንካ። ሚዛኑ ከ2.7 እስከ 2.8 ግራም መካከል ካነበበ የብሩ እፍግታ ትክክል ነው። 3.2 ካለ ነሐስ ወይም ሌላ ቀላል ብረት ይዛችኋል። ከዚያ በፊት ክብደቱ 28 ግራም መሆኑን፣ ማግኔት የማይስበው መሆኑን እዩ። ጠርዙንም አዙሩ፤ የእውነተኛው ጠርዝ ላይ «በፍትሕና በምሕረት» የሚል የላቲን ጽሑፍ ከፍ ብሎ ይነበባል። ሐሰተኞቹ ብዙ ጊዜ የሚያጋልጣቸው ጠርዛቸው ነው፣ በሻጋታ ሲፈስ መገጣጠሚያው መስመር ይተዋል።

ይህ ሁሉ ኢንቨስትመንት ነው ወይ? በከፊል። በሐምሌ 2024 የኢትዮጵያ የምንዛሬ ሥርዓት ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ያኔ ጠገራ የያዘ ሰው ገንዘቡ አልቀለጠበትም፤ የጠገራው ዋጋ ከዶላሩ ጋር አብሮ ሄደለት። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው። በሌላ በኩል ጠገራ ኪራይ አይከፍልም፣ ወለድ አይወልድም። አገር ቤት የመግዣና የመሸጫ ዋጋ ለጥፎ የሚጠብቅ ገበያም የለም፤ ስትገዙ ቱሪስት ናችሁ፣ ስትሸጡ ደሀ ናችሁ። ከአገር ይዞ መውጣትም ሕግ አለው። የ2000 የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቅርስ ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ ይከለክላል፤ አሮጌ ጌጥና ሳንቲም ይዞ የሚወጣ ሰው አስቀድሞ ከቅርስ ባለሥልጣን ማረጋገጫ መጠየቅ አለበት፣ ካልሆነ ቦሌ ላይ ሊያዝበት ይችላል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ስትሸጡ መንግሥት ሳንቲሙን እንደ አክሲዮን ሳይሆን እንደ መሰብሰቢያ ዕቃ ነው የሚያየው፤ ከዓመት በላይ ብትይዙትም ትርፉ ላይ ግብሩ እስከ 28 በመቶ ይደርሳል።

ከባዶ ለሚጀምር፣ ዓላማው ቁጠባ ብቻ ለሆነ ሰው፣ ጠገራ ግዛ አልለውም። ንጹሑን አንድ አውንስ፣ ፕሪሚየሙ ዝቅ ያለውን ይግዛ፤ መሸጡ ይቀለዋል። ቀድሞውኑ ጠገራ ወይም የምኒልክ ብር እጁ ላይ ላለ ሰው ግን ምክሬ ሌላ ነው። ብር ሲወደድ ተራውን፣ አዲሱን፣ የታጠበውን ማርትሬዛ መሸጥ ነውር የለውም፤ ለዚያ ጥሩ ጊዜ ነው። የቆየውን፣ የተለየ ፊደል ያለውን፣ ከጌጥ ጋር ያለውን፣ የምኒልኩን በዚህ ሰዓት ማውጣት ግን ታሪኩን በነጻ መርቆ መስጠት ነው። ሰው ሁሉ ክብደት ብቻ በሚያይበት ወቅት ለታሪክ የሚከፍል አይገኝም። ዋጋው ሲረጋጋ፣ ማቅለጫው ሲቀዘቅዝ፣ ሰብሳቢው ተመልሶ ይመጣል፤ ያኔ የተረፈው ከአሁኑ ያነሰ ይሆናል።

ለመሸጥ ከወሰናችሁም ነጋዴውን ሁለት ዋጋ ጠይቁት፤ በብረትነቱ ስንት ነው፣ በሳንቲምነቱ ስንት ነው። አንዱን ብቻ የሚነግራችሁ ከሆነ ሳንቲማችሁን ኪሳችሁ ከታችሁ ወደሚቀጥለው ሱቅ ሂዱ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ፊቱንም ጀርባውንም ጠርዙንም ጥሩ ብርሃን ላይ ፎቶ አንሱ፣ ክብደቱን ጻፉ፣ ከማን እንደመጣና የት እንደነበር የምታውቁትን አያይዙበት። አያት ከየትኛው ገበያ እንዳገኙት የምታውቅ አክስት ካለች ዛሬውኑ ደውላችሁ ጠይቋት።